የእሁድ ቁርስ፦ የብርቱካን ፓንኬክ ከደጋ ላይ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ብርቱካን ፓንኬክ ነው የማወራችሁ፤ በተለይ እዚህ ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ ሲሠራ ስለሚገጥመው ነገር። ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ግን ከቅዳሴ የተመለሰ ቤተሰብ ርቦት ከቦ የሚቀመጥበት ቁርስ ስለሆነ በወጉ ሊሠራ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ብዙ ሰው የብርቱካን ፓንኬክ ሲባል ጭማቂውን ሊጥ ውስጥ መገልበጥ ይመስለዋል። ይጋገራል፣ ይቀመሳል፣ የብርቱካን ጣዕም የለም። በሚቀጥለው እሁድ ጭማቂው ይጨመራል፤ ሊጡ ይቀጥናል፣ ፓንኬኩ ይገረጣል፣ መሃሉ ይላቁጣል፣ ጣዕሙ አሁንም የለም። ጭማቂ የሚሰጠው ኮምጣጣነትና ትንሽ ጣፋጭነት ብቻ ነው። ብርቱካንን ብርቱካን የሚያሰኘው ሽታ ያለው ልጣጩ ላይ ባሉት ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ልጣጩን አጥፋችሁ ስትጫኑት ፊት ላይ ፍጭጭ የሚለው እሱ ነው፤ ወደ ሻማ ነበልባል ከረጨችሁት ቦግ ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከፍሬው ውስጥ ለፓንኬክ ዋናው ልጣጩ ነው። ጭማቂው ረዳት ነው።

ስለዚህ ገበያ ላይ የሚመረጠው በልጣጩ ነው። ከቆላው የሚመጣው ብርቱካን ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ዥንጉርጉር ነው፤ ያ ጥሬ ነው ማለት አይደለም። ቆላ ላይ ሌሊቱ በቂ ስለማይቀዘቅዝ አረንጓዴው ቀለም ሳይለቅ ፍሬው ይበስላል። ቀለሙን ትታችሁ በእጃችሁ መዝኑት፣ ከበድ ይበል። ልጣጩ የተወጠረና የሚያብለጨልጭ ይሁን። በደጋ ደረቅ አየር ሰንብቶ የተጨማደደ ከሆነ ዘይቱ ሄዷል፤ እሱን ጨምቃችሁ ጠጡት እንጂ ለፓንኬክ አትድከሙበት። ስትፈገፍጉ ሙሉ ፍሬውን በሙቅ ውሃና በብሩሽ እጠቡና አድርቁ፤ ጭማቂ ማውጣት ከዚያ በኋላ ነው፣ የተጨመቀ ብርቱካን አይፈገፈግም። በመፈግፈጊያው ጠባብ ዓይን አንድ ቦታ ላይ አንዴ ብቻ አሳልፋችሁ ፍሬውን አዙሩት። ነጩ ከታየ አቁሙ፤ ነጩ መራራ ነው፣ ምሬቱም በስኳር አይሸፈንም።

ሎሚስ? የኛ ሎሚ ትንሽ ነው፣ ልጣጩም ስስ። መፈግፈጊያው ላይ ሲያርፍ ወዲያው ነጩ ጋር ይደርሳል። ስለዚህ ከሎሚ ጭማቂውን፣ ከብርቱካን ልጣጩን ውሰዱ።

የተፈገፈገውን ልጣጭ ዱቄት ላይ አትበትኑት። 30 ግራም ስኳር፣ ማለትም 2 የሾርባ ማንኪያ ግድም፣ ላይ አድርጋችሁ በጣታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ እሹት። የስኳሩ ቅንጣት የዘይት ከረጢቶቹን ይሰነጥቃል፣ የወጣውንም ዘይት ይይዛል። ስኳሩ ረጠብ ብሎ ቀለም ሲይዝና ቤቱን ሽታው ሲሞላው ደርሷል። ቅዳሜ ማታ ተሠርቶ በተከደነ ብልቃጥ ቢያድር ምንም አይሆንም።

ልኩን ልንገራችሁ፤ ለአምስት ሰው፣ 12 ያህል ፓንኬክ ይወጣዋል። 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ የ2 ብርቱካን ልጣጭ የታሸበት ያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከፈሳሹ ወገን 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 100 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 2 እንቁላልና 40 ግራም የቀለጠ ቅቤ ወይም ዘይት። እንቁላሉ የሐበሻ ከሆነ ሦስት አድርጉት፤ ከፈረንጁ በብዙ ያንሳል። ዱቄቱን በሚዛን ለኩ፤ የብርጭቆ መጠን ከቤት ቤት ይለያያል፣ ጠቅጥቆና ሳይጠቀጥቁ መስፈርም ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሶዳው ለምን ሩብ ብቻ ሆነ? ሶዳ ከብርቱካኑና ከሎሚው አሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል፣ ሊጡም በዚያ ይነሳል። ግን ሶዳው አሲዱን ይበላዋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብታደርጉ በዚህ ልክ ያለውን አሲድ ሊጨርሰው ይደርሳል፤ ኮምጠጥ ያለው ጣዕም ይጠፋል። ከዚያም ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል። በሩብ ግን ግማሽ ያህሉ አሲድ ይተርፋል፣ የቀረውን ማንሳት ደግሞ የቤኪንግ ፓውደሩ ሥራ ነው። ሶዳውን ጭራሽ ብትተዉትም ችግር አለው፤ አሲድ የበዛበት ሊጥ መጥበሻ ላይ ቶሎ አይቀላም፣ እንደገረጣ ይቀራል።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸገረው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሊጥ ውስጥ የተፈጠረ ጋዝም ከቆላው ይልቅ በጣም ይለጠጣል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ልክ አብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ነው። እንዳለ ስትወስዱት ፓንኬኩ መጥበሻው ላይ ኩፍ ይልና ደስ ያሰኛችኋል፤ ሳህን ላይ ሲደርስ ግን ቁጭ ይላል። ጋዙ ሊጡ ሳይጠነክር ግድግዳውን ቀዶ ወጥቷል፣ መሃሉም እንደላቆጠ ቀርቷል። የዚህ መድኃኒቱ ዱቄት መጨመር ሳይሆን ቤኪንግ ፓውደር መቀነስ ነው። አንድ ተኩል ያልኳችሁ ለደብረ ብርሃን፣ ለአንኮበርና ለመንዝ ደጋ ነው። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆናችሁ፣ 2 ሙሉ የሻይ ማንኪያ አድርጉ። ደጋው ላይ ዱቄቱም ደረቅ ነው፤ ሊጡ ከጭልፋው በዝግታ የማይወርድ ከሆነ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ።

በህዳርና በታኅሣሥ፣ ውርጭ በሚጥልበት ጠዋት፣ ወተቱን ለብ አድርጉት። በረዶ የሆነ ወተት ላይ የቀለጠ ቅቤ ሲፈስ ወዲያው ይረጋል፤ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ከሊጡ ጋር አይዋሐድም። ወተቱ ላይ ጭማቂው ሲገባ ቢቋጠር ግን አትደንግጡ፣ መቋጠር ያለበት ነው።

ደረቁን ነፍታችሁ ካደባለቃችሁ በኋላ መሃሉን ጎድጎድ አድርጋችሁ ፈሳሹን በአንዴ ጨምሩ። ከዚያ ከ12 እስከ 15 ጊዜ ብቻ አማስሉና ማንኪያውን አስቀምጡ። ለእንጀራ ሊጥ የለመደ እጅ እዚህ ይቸገራል፤ ጓጓላ እስኪጠፋ መምታት ይፈልጋል። እባካችሁ ተዉት። የስንዴ ሊጥ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል፣ ፓንኬኩም ቆዳ ይሆናል። ትንንሹ ጓጓላ መጥበሻ ላይ ራሱ ይሟሟል። 5 ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ግን ቶሎ ጋግሩ። ሶዳው ፈሳሽ ከነካው ጊዜ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ እንደ ተብኮ እንዲያድር ከተተወ ጠዋት ባዶ ሊጥ ነው የምታገኙት።

መጥበሻው ወፍራም ይሁን፣ እሳቱ መካከለኛና ወደ ዝቅተኛ ያደላ። ከሰል ላይ ከሆነ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ቅቤውን በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ አብሱት እንጂ አታፍስሱት፤ ከፈሰሰ ፓንኬኩ አይጋገርም፣ ይጠበሳል። 60 ሚሊ ሊትር ያህል በጭልፋ አድርጉና አትዳምጡት። እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል፤ ዓይኖቹ ፈንድተው ሳይደፈኑ ሲቀሩና ጠርዙ ማብለጭለጩን ሲያቆም ገልብጡ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሁለተኛው ገጽ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ከገለበጣችሁ በኋላ በመገልበጫው አትጫኑት፤ የያዘውን አየር ታወጡታላችሁ። ስኳርና ጭማቂ ስላለበት ከተራው ፓንኬክ ቶሎ ስለሚያር እሳቱን በየመሃሉ ዝቅ አድርጉ።

ስለ ቅቤው አንድ ቃል። የተነጠረ ቅቤ አትጠቀሙ። ኮሰረቱና ኮረሪማው ለወጥ የተፈጠሩ ናቸው፤ ከብርቱካኑ ሽታ ጋር ሲጋጠሙ ብርቱካኑ ይሸነፋል። ለጋ ቅቤ ወይም ሽታ የሌለው ዘይት ይበጃል። በሶን ግን ከልቤ እመክራለሁ። ከዱቄቱ 50 ግራም ቀንሳችሁ በምትኩ 50 ግራም በሶ አግቡ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ወተትም ጨምሩ፣ የተቆላ ገብስ ውሃ ይጠጣልና። የተቆላ ገብስና የብርቱካን ልጣጭ እንዴት እንደሚስማሙ ቀምሳችሁ ፍረዱ። ገብሱ ደጋችን፣ ፍሬው ቆላችን፤ ሁለቱም ከዞናችን አይወጡም።

ለማባያ 100 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ በትንሽ ድስት ግማሽ እስኪሆን አንተክትኩት። ካወረዳችሁት በኋላ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር ጨምራችሁ አሟሙት፤ ማሩ እሳት ላይ ከፈላ ሽታው ይጠፋል።

በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ለምትበሉ ደግሞ የጾሙ ልክ ይኸው። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ይወጣሉ። ለ250 ግራም ዱቄት 150 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፣ 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። አሲዱ ስለጨመረ ሶዳው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይሆናል፣ ቤኪንግ ፓውደሩ 1። እንቁላል ስለሌለው ሲገለበጥ ይቆረሳል፤ አነስ አነስ አድርጋችሁ ጋግሩት፣ ለመገልበጥም ግማሽ ደቂቃ ታገሡት። በሉ እንግዲህ፣ ደኅና ሁኑ፤ በሳምንቱ ያገናኘን።