ሊዘርፍ ነው ባክሽ! የአድማጮች ጥያቄ ስለ ካቡኪ ተዋናዮች ምስል

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጣቶቹን የዘረጋ አፉን ያጣመመ ጃፓናዊ ስዕል ሁሌ አያለሁ፣ ሰውየው ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ሊዘርፍ ነው ባክሽ! ሦስተኛው ኦታኒ ኦኒጂ ይባላል፣ የካቡኪ፣ የጃፓን ባህላዊ ቲያትር ማለት ነው፣ ተዋናይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1794 ኤዶ ውስጥ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ ማለት ነው፣ ኤዶቤይ የሚባል ወሮበላ ሆኖ ሲጫወት ሻራኩ የሚባል ሰዓሊ ሳለው። ገንዘብ የያዘ ሰው ላይ ሊዘል ነው፣ እጆቹን እያቸው እስቲ፣ ከልብሱ ወጥተው እንደ ጥፍር ተበትነዋል፣ ለዛ ትልቅ ፊት ደግሞ በጣም ያንሳሉ፣ ሰዓሊው እጅ መሳል አይችልም የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን አይመስለኝም፣ ስስቱ በሙሉ ጣቶቹ ላይ ነው ያለው። ከኋላ ያለው ጥቁር ደግሞ ማይካ የሚባል የሚያብረቀርቅ ማዕድን ዱቄት አለበት፣ ወረቀቱን ዘንበል ስታደርጊው ያብለጨልጫል፣ ስልክ ላይ ይሄ አይታይሽም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ እነዚህ የካቡኪ ምስሎች ላይ ያሉት ሴቶች ለምንድነው ወንድ ወንድ የሚሉት?

መልስ፦ ወንድ ስለሆኑ ነዋ! መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶችን ከካቡኪ መድረክ ስላገደ የሴት ገጸ ባሕሪም የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። ግንባራቸው ላይ ሐምራዊ ጨርቅ ታያለህ፣ የተላጨውን ፀጉር ለመሸፈን ነው። ሌሎቹ ሰዓሊዎች አሳምረው ነበር የሚስሏቸው፣ ሻራኩ ግን መንጋጋውንም ሽብሽቡንም እንዳለ አወጣው፣ ደጋፊ የሚወደውን ተዋናይ ምስል የሚገዛው እንዲህ ሊያየው አይደለም፣ ኦታ ናንፖ የሚባል የዘመኑ ጸሐፊም እውነቱን ከልክ በላይ ስላወጣው ብዙም አልቆየም ብሎ ጽፏል። ሻራኩ በአስር ወር ገደማ ከ140 በላይ ስራ አውጥቶ ጠፋ፣ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ሳይቶ ጁሮቤይ የሚባል የኖ፣ ሌላ የጃፓን ባህላዊ ቲያትር ነው፣ ተዋናይ ነው ይላሉ።

ጥያቄ፦ ምስሉ የሚታተምበትን እንጨት የሚቀርጸው ሻራኩ ራሱ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እሱ ንድፉን ብቻ። ጠራቢው የቼሪ እንጨት ላይ ይቀርጸዋል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ እንጨት አለው፣ አታሚው ደግሞ ወረቀቱን እያስተካከለ ያትማል፣ ብሩን ያወጣው ጹታያ ጁዛቡሮ የሚባል አሳታሚ ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ከሻራኩ ምስሎች አንዱን በርካሽ ገዛሁ፣ ኦሪጅናል ይሆን?

መልስ፦ በርካሽ ከሆነ ይቅርታ ወንድሜ፣ አይመስለኝም። በአጉሊ መነጽር እየው፣ ቀለሙ ጥቃቅን ነጠብጣብ ከሆነ ፖስተር ነው፣ ወረቀቱ ውስጥ ሰምጦ ከጀርባም የሚታይ ከሆነ በእጅ የታተመ ነው፣ እሱም ቢሆን ግን በኋላ ከተቀረጸ አዲስ እንጨት ሊሆን ይችላል።