የአይቲ ክፍሎቻችን ጥቅምና የባለሙያዎቻችን አያያዝ

የተከበራችሁ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ደብረ ብርሃን ለረጅም ዘመን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስትታወቅ ኖራ፣ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ሆናለች። ይህ ሁሉ ለውጥ እያለ ግን በብዙዎቻችን ዘንድ የአይቲ (የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ) ክፍል የሚታወሰው ፕሪንተር ሲቆም ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ብቻ ነው፤ በጀቱም በወጪነት እንጂ ገቢ እንደሚያመጣ ሥራ ታስቦ አያውቅም።

ግምጃ ቤታችንን እንመልከት። ዕቃ ሞዴል 19 በሚባለው የገቢ ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ ሞዴል 22 በሚባለው የወጪ ቅጽ ይወጣል፤ ያው ቁጥር በንብረት ክፍል፣ በሂሳብ ክፍልና በበር ጥበቃ መዝገብ በየፊናው ይጻፋል። ቁጥሮቹ ሳይገናኙ ሲቀሩ የጫነ መኪና በር ላይ ይቆማል፣ ደንበኛ ይጠብቃል፣ ያለ ዕቃ እንደሌለ ተቆጥሮ እንደገና ይገዛል። ከግምጃ ቤት ሠራተኛው ጎን ተቀምጦ ሥራውን የተከታተለ ባለሙያ ቁጥሩ አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ለሁሉም እንዲደርስ ማድረግ ይችላል። የክፍሉ ጥቅም መለካት ያለበት እንዲህ ባለው ውጤት ነው፤ በጠገናቸው ኮምፒውተሮች ብዛት መለካቱ ተገቢ አይመስለኝም።

ይህን የሚሠራ ሰው ግን ከእጃችን እየወጣ ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ ጥሩ ፕሮግራመር ደግሞ ዛሬ እዚሁ ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት መሥራት ይችላል። በደመወዝ ብቻ እንወዳደር ብንል አቅማችን ውስን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ጎበዝ ባለሙያ የሚለቀው በደመወዝ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡን የሚሰማው ሲያጣ፣ ያልመከረበት ሲስተም ተገዝቶ ሲጫንበትም ይለቃል። በእኔ እምነት ትልቁ ጉድለታችን የዕድገት መሰላላችን ነው፦ ደረጃው ከፍ እንዲል የግድ የክፍል ኃላፊ እናደርገውና፣ ኮድ መጻፍ የሚችለውን ሰው የሰዓት ፊርማ ተቆጣጣሪ እናደርገዋለን። በሙያው እንደቆየ ደረጃውም ደመወዙም የሚያድግበት መንገድ ሊዘረጋለት ይገባል።

የሰርቨሩ (የዋናው ኮምፒውተር) የይለፍ ቃል በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ የተያዘበት መሥሪያ ቤትም ያንን ሰው አክብሯል ማለት አይቻልም፤ ዓመት ፈቃዱን እንኳ በሰላም እንዳይወስድ አስሮታል። አሠራሩ በጽሑፍ ይያዝ፣ ምትክ ይሠልጥንለት፣ ባክአፑም (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) በትክክል መመለሱ በየጊዜው ይፈተሽ።

ስለዚህ ከሐምሌ በፊት የበጀት ዕቅድ ለማውጣት ስትቀመጡ፣ የአይቲ ኃላፊያችሁን ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ለግዥ ዝርዝር ሳይሆን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ እንድትጠሩት በአክብሮት እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።