ሜካፕ ለመጀመር መጀመሪያ ምን ልግዛ?

ሰላም ውዶቼ! የዛሬው ቪዲዮ ሜካፕ ነክታ ለማታውቅ ነው፣ ሚዜ ልትሆን ነው ወይ ሥራ ጀምራ ትንሽ ልቀባባ ብላለች ግን ኮስሞቲክስ ቤት ስትገባ ግራ ይገባታል።

ሙሉ ኪት እንዳትገዢ። ያ በቀለም የተሞላው የአይሻዶው ሳጥን፣ ኮንቱሩ፣ አርቴፊሻል ሽፋሽፍቱ፣ ሁሉም ይቆይ። ያለሽን ብር ፋውንዴሽን ላይ፣ ማለትም ፊትሽን አንድ ወጥ የሚያደርገው የቆዳ ቀለም ቅባት ላይ አውጪው፣ ምክንያቱም የሱ ቀለም ከተሳሳተ ሌላው ቢያምርም አያድንሽም።

[ምስል፦ መንጋጋ ላይ ጎን ለጎን የተቀቡ ሦስት መስመሮች]

ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ እጅሽ ላይ ነው የሚቀቡልሽ ግን የእጅና የፊት ቀለም አንድ አይደለም። ከጉንጭሽ በመንጋጋሽ አድርገሽ ወደ አንገት የሚወርድ ቀጭን መስመር አድርጊ፣ ሁለት ሦስት ቀለም፣ ከዛ ከሱቁ ውጪና በቀን ብርሃን እይው፣ የሱቅ መብራት ያታልላል። ፈልገሽ ያጣሽው መስመር፣ እሱ ነው ያንቺ። ደሞ ወዲያው አትክፈዪ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቂ፣ አንዳንዱ ከፊት ወዝና ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል።

እዚህ ጋር ከልቤ የምነግርሽ ነገር አለ። "ፈካ ያለውን ውሰጂ፣ ቀይ ያደርግሻል" የምትል ሻጭ ካጋጠመችሽ እባክሽ አትስሚያት። ጠይም ሁኚ የቀይ ዳማ ሁኚ ጥቁር ሁኚ፣ ከቆዳሽ የፈካ ፋውንዴሽን አመድ ነው የሚያስመስልሽ፣ ፎቶ ላይ ፊትና አንገትሽ የሁለት ሰው ይሆናል። አንደርቶን የሚባለውንም፣ ማለትም ከቆዳሽ ሥር ያለውን ቀለም እይ፣ ብዙዎቻችን ወደ ቢጫ ወይ ወደ ቀይ የሚያደላ ቆዳ ነው ያለን፣ ስለዚህ ድምቀቱ ልክ ሆኖ እንኳን ሮዝ የሚያደላው ግራጫ ሊመስልብን ይችላል።

ልክሽን ማጣት ያንቺ ችግር አይደለም። ሞቃዲሾ የተወለደችው ሞዴል ኢማን ለቆዳዋ የሚሆን ስለማይገኝ ራሷ እየደባለቀች ነበር የምትቀባው፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የራሷን ኮስሞቲክስ አቋቋመች። ዘፋኟ ሪሃና በ2017 እ.ኤ.አ. ፌንቲ ቢዩቲ የሚባለውን የራሷን ኮስሞቲክስ በ40 የፋውንዴሽን ቀለም ስታወጣ ያ ሁሉ ወሬ የሆነውም ለዚህ ነው። አንቺም ሁለት ቀለም ደባልቂ፣ ባለሙያዎችም የሚያደርጉት ነው።

አቀባቡ ቀላል ነው፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ማለስለሻ ክሬምሽን ተቀቢ፣ ከዛ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም)። "እኛ ጥቁር ነን አያስፈልገንም" የሚባለውን ተይው፣ አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደሞ ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይዋ ጨረር (ዩቪ) 10 ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል፣ የብጉር ጠባሳሽም በፀሐይ ይብስበታል። ለሰርግ ከሆነ ግን ቀድመሽ በፍላሽ ፎቶ ሞክሪው፣ ዚንክ ያለበት ሰንስክሪን ፊትን ነጭ ሊያወጣ ይችላል።

[ምስል፦ እርጥብ ስፖንጅ ሲጨመቅ]

ፋውንዴሽኑን ትንሽ ብቻ፣ ከፊትሽ መሀል ወደ ውጪ፣ ስፖንጁን አርጥበሽ ጨምቀሽ መታ መታ አድርጊ እንጂ አትጎትቺ። ፓውደር ግንባርና አፍንጫ ላይ ይበቃል። ለቅንድብ ከድፍን ጥቁር ይልቅ ጥቁር ቡኒ እርሳስ እመርጣለሁ። ከሊፕስቲክሽ ትንሽ በጣትሽ ጉንጭሽ ላይ ነካ ካደረግሽ ብላሽ (የጉንጭ ቀለም) መግዛት አያስፈልግሽም።

ማስካራ ከተከፈተ 3 ወር ነው፣ ከዛ ይጣል፣ አዎ ባያልቅም። ለጓደኛ አታውሺ፣ የኩል መኳያም እንደዛው፣ የእህትሽም ቢሆን፣ የዓይን ኢንፌክሽን በሱ ይተላለፋል።

ማታ ሳታነሺው እንዳትተኚ። ጥጥ ላይ ትንሽ ቫዝሊን አድርገሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሽፋሽፍትሽን ቀስ ብለሽ ጥረጊ፣ ማስካራው ይለቃል፣ ከዛ ፊትሽን በደንብ ታጠቢ።