ቅንጅት ስብሰባ አይደለም! ጣና፣ እምቦጭ እና የመቀናጆ በሬ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ! የዛሬው ርዕስ ደረቅ ነው፦ የዘላቂ ልማት ግቦችን ለማሳካት የሴክተሮች ቅንጅት። አውቃለሁ፣ ርዕሱን ስትሰሙ ጣታችሁ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ሄዷል። ቆዩማ። በሬ አለበት፣ ጣና ሐይቅን የወረረው አረም እምቦጭም አለበት። ቅንጅት ስል ደግሞ የ1997ቱን ፓርቲ አይደለም፤ ኮሜንት ላይ እንዳትጀምሩኝ።

[ምስል፦ ሁለት በሬ የጠመደ ገበሬ]

ቃሉን እንየው። ቅንጅት። አቀናጀ። መቀናጆ። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ ቃል ከማሳ ነው የመጣው፤ ቃሉ መጣ፣ ሥራው ግን እዚያው ማሳ ላይ ቀረ።

መቀናጆን ለከተማ ልጆች ላስረዳ። አንድ ገበሬ አንድ በሬ አለው። ጎረቤቱም አንድ። ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል፤ በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ ያቀናጃሉ፦ ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የኔ። አለቀ? የት አለቀ! ነገ ሚካኤል ቢሆንስ? ተራዬ ይቃጠላል ወይስ ይተላለፋል? ዝናቡ ጥሎ አፈሩ ለእርሻ የተመቸው ባንተ ተራ ቢሆንስ? በሬህ እኔ ማሳ ላይ ቢያነክስ ማን ይከፍላል? ጭዱን ማን ያቀርባል? ማታስ በሬው የት ያድራል? ይህ ሁሉ ክረምት ሳይገባ ተነጋግሮ የሚያልቅ ነው። ማረሻው መሬት ከነካ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ ጠብ ነው።

ሌላም አለ። ጉልበታም በሬ ከደካማ ጋር ሲጠመድ ቀንበሩ ያዘነብላል። ትልሙ ይጣመማል፣ የደካማው ማጅራት ይቆስላል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

«ያው ደቦ በለን» የሚል አይጠፋም። አይደለም! ደቦ ጠላ ተጠምቆ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ አጨዳው በአንድ ቀን የሚያልቅበት ነው። ደስ ይላል፣ ዘፈን አለው። በማግስቱ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ነው። የእኛ «ባለድርሻ አካላት» የሚያደርጉት በአብዛኛው ደቦ ነው፤ ጠላው የውሎ አበል ሆነ እንጂ። መቀናጆ ግን ቀን ይቆጠርበታል። ቀን ያልመለሰ ሰው በሬ አያገኝም።

እሺ፣ ቴክኒኩን በፍጥነት። የተባበሩት መንግሥታት ግቦች 17፣ ንዑስ ግቦቹ 169። በመስከረም 2008 ጸደቁ፣ ማብቂያቸው 2030 ነው፤ የፈረንጆቹ 2030 እንጂ የእኛ አይደለም፣ ገና ብዙ ጊዜ አለን ብላችሁ እንዳትተኙ። ይህን ታውቁታላችሁ። ለዛሬ አራት ንዑስ ግቦች ይበቁናል፦ 17.14 ፖሊሲዎች እርስ በርስ እንዳይጣሉ፣ 6.5 የተቀናጀ የውሃ ሀብት አስተዳደር፣ 6.6 የውሃ አካላት ጥበቃ፣ 15.8 መጤ ወራሪ ዝርያ። የኋለኞቹ ሁለቱ ቀጠሯቸው የፈረንጆቹ 2020 ነበር። አለፈ። ግብ 14ን የጣና ዓሣ ነው የምትሉም አላችሁ፤ እሱ የባሕርና የውቅያኖስ ነው። የእኛ ዓሣ የሚቆጠረው ከ6.6 እና የየብስና የጣፋጭ ውሃ ሥነ ምህዳርን ከሚጠብቀው ከ15.1 ጋር ነው። አለፍን።

[ምስል፦ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት]

አሁን ባሕር ዳር ግቡ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ላይ ጨራ ጨራ የሚባል ባለ በር ግድብ አለ። በ1988 ሥራ ሲጀምር በሮቹ ሁለት ነበሩ፣ በኋላ አምስት ተጨመሩ። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የመብራቱ ወገን ነው፤ ታች ጢስ ዓባይ ላይ ተርባይን አለ። በ2002 ደግሞ ጣና በለስ መጣ፣ 460 ሜጋ ዋት፤ እሱ ውሃውን በምዕራብ በኩል በዋሻ ይወስዳል። ሐይቁ አንድ፣ መውጫው ሁለት።

በ1995 ምን ሆነ? ዝናብ አንሶ ነበር፣ ለመብራትም ውሃ ይለቀቅ ነበር። የሐይቁ የውሃ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,784 ሜትር ተኩል አካባቢ ወረደ። ትልልቆቹ ጀልባዎች ደግሞ ከ1,784.75 በታች አይሄዱም። የልዩነቱን ማነስ አያችሁ? የአንድ ክንድ ያህል እንኳ አይደርስም! ጀልባዎቹ ለወራት ቆሙ። ታንኳ የሚሠራበት የዳር ተክል፣ ደንገሉ፣ ደረቀ፤ ደንገል ሲደርቅ ታንኳ የለም፣ ዓሣ የሚራባበት ጥላም የለም። ውሃው በሸሸበት መሬት ላይ እርሻ ገባ። ግብ 7 (ኃይል) ሲሞላ ግብ 2 (ምግብ)፣ 6 (ውሃ)፣ 8 (ሥራ) እና 15 (የየብስ ሕይወት) ጎደሉ። መብራቱ ጉልበታሙ በሬ ነው፣ ዓሣው ደካማው። ቀንበሩ አዘነበለ። ተመለስኩበት አይደል?

አሁን ወደ እናንተ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ሐሳብ ሃያ ጊዜ ተጽፏል፦ «ቅንጅት ምናምን ተዉትና ማሽን ገዝታችሁ እምቦጩን አጽዱ፣ ያልቃል።» አያልቅም። ለምን እንደማያልቅ ልናገር፣ ቪዲዮው ቢረዝምም ይርዘም።

እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ማሽኑ ሁሉንም አንስቶ መቶ ሥር ብቻ ተረፈ እንበል። በ12 ሳምንት 6,400 ነው፤ አስሉት። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ውሃ ሲሸሽ ጭቃው ፀሐይ ያገኛል፣ ዘሩ ይነቃል። ስለዚህ የጨራ ጨራው በር የእምቦጭም ጉዳይ ነው!

ማሽኑ ራሱስ? ጥልቀት ይፈልጋል። እምቦጩ የሚበዛው ነፋስ በሚገፋው በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ። እዚያ ውሃው ጉልበት የማያልፍ ጭቃ ነው፣ ማሽን ይቀረቀራል። ስለዚህ በእጅ ይነቀላል፤ ነቃዩ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይውላል፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል፤ ጤና ቢሮ ገባ ማለት ነው። የተነቀለው ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። በመኪና የምትጭኑት ውሃ ነው! መጀመሪያ መድረቅ አለበት፣ ማድረቂያው ደግሞ ክረምት ውሃው ከሚደርስበት መስመር በላይ መሆን አለበት። ዳር ላይ ከተከመረ ሐምሌ ራሱ መልሶ ይወስደዋል። ማድረቂያው መሬት የማን ነው? የገበሬ ግጦሽ ነው። መሬት አስተዳደር ገባ።

ቆራርጦ ውሃው ላይ የሚተው ማሽን ከሆነማ ባይመጣ ይሻላል፤ ከግንዱ ቁራጭ አዲስ ተክል ሊወጣ ይችላል። ቁራጩ በሞተር ጀልባ ፕሮፔለርና በመረብ ይዞራል፤ ጀልባ ሳይታጠብ ከጎርጎራ ባሕር ዳር ከመጣ እምቦጩ በነጻ ተሳፍሯል። ትራንስፖርቱም ገባ። ምግቡን የሚልኩለትስ እነማን ናቸው? ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ፤ ከላይ የተሸረሸረ አፈርና ማዳበሪያ ይዘው ይመጣሉ። ግብርና ገባ። ባሕር ዳርም ፍሳሿን እያወረደች ንጹሕ ነኝ አትበል። እስቲ አሁን ማሽኑን ለማን እንስጠው?

(ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ እምቦጭ እንኳ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፣ የእኛ ቻናል ግን...)

እና ምን ይደረግ? መግባቢያ ሰነዱ ላይ «በቅንጅት ይሠራል» ከተጻፈ ምንም አልተጻፈም። ቁጥር ይጻፍ። ለምሳሌ፦ የሐይቁ ከፍታ ወደ 1,785 ሲጠጋ መለኪያውን የሚያነበው ባለሙያ በ24 ሰዓት ውስጥ ለማን ይደውላል? ተደዋዩ በሩን ማዘዝ የሚችል ሰው ነው ወይስ ፎካል ፐርሰን፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱን ወክሎ ስብሰባ የሚገባው? ፎካል በየስብሰባው ይቀያየራል፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ ይሄዳል፣ በር ግን አይዘጋም። ፊርማው የበሩ ባለቤት ይሁን።

ቀኑ ደግሞ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስምምነቱ ነሐሴ ላይ ከተፈረመ ቦቲውም ነዳጁም በማንም በጀት ውስጥ የለም፤ እምቦጩ ደግሞ የሚበረታው ከክረምት በኋላ ነው፣ ጥቅምትና ኅዳር። ስለዚህ የካቲት ላይ ተስማሙ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ድርሻውን በራሱ የበጀት ኮድ ያስገባ። በጋራ ቋት እናድርገው ሲባል ቋቱን የሚከፍት ይጠፋል።

ሪፖርቱንም ተጠንቀቁ። መቶ ሄክታር ጸዳ እንበል። ግብርና መቶ ይላል፣ አካባቢ ጥበቃ መቶ ይላል፣ ወረዳው መቶ ይላል። ላይ ሲደርስ ሦስት መቶ ሆኗል፤ በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ የሚቆረጠው «አብዛኛው ጸድቷል» ተብሎ ነው። የሚለካው አንድ ሰው ይሁን፣ ሌሎቹ የእሱን ቁጥር ይውሰዱ። የጸዳው ቦታም ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለካ፤ ያኔ ተመልሶ የበቀለው ይቀነስ።

ነጭ ዓሣው ክረምት ላይ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚጠብቀው ነገርስ? እሱ ሌላ መቀናጆ ነው፣ ራሱን የቻለ ቪዲዮ አለው፣ በሚቀጥለው ሳምንት። እስከዚያ እናንተ ሰፈር የሐይቁን ከፍታ የሚያነበው ሰው ለማን እንደሚደውል ጠይቁና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ስልክ ቁጥር ግን እንዳታስቀምጡ።