ከዚህ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ አለ?

እሺ፣ ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ክፍል የጀመርነውን ወሬ ዛሬ እንጨርሳለን ብዬ ነበር። ይቆየን። አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል፤ እሱን ሳልናገር ሌላ ማውራት አልቻልኩም።

የምሠራበት የዩኒቨርሲቲያችን የማኅበረሰብ አገልግሎት ቢሮ ለአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ልናስረክብ ሄደን ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ከዩኒቨርሲቲያችን ብዙ የማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ሾፌራችን እንደ ልማዱ «ከዚች ኩርባ ቀጥሎ ነው» እያለ ወሰደን፤ ታውቁታላችሁ፣ እሱ ጋ ሁሌም ከኩርባው ቀጥሎ ነው። መንገድ ላይ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። መጻሕፍቱ አዲስ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስና ሒሳብ ሳይቀር አለ። ያንን ለማግኘት ቢሮ ውስጥ ስንት እንደለፋን እናንተም ሰምታችኋል።

ርክክቡ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ባነር ተሰቅሏል። ወላጆች ከኋላ ተቀምጠዋል። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። መድረክ መሪው «አስተያየት ያለው» አለ። አንዲት እናት ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው መጀመሪያ መረቁን። ረጅም ምርቃት ነው፣ እኔም አሜን እያልኩ ነበር። ከዚያ «አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ።

«ያ ግቢ ከተሠራ ወዲህ፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቶ እዚያ የገባ ልጅ አለ?»

ከእኛ በኩል የነበሩት ኃላፊ ተነስተው መለሱ። «እናቴ፣ ተማሪ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ያለፈ ልጅ ሌላ ክልልም ሊደርሰው ይችላል።» ትክክል ነው። አንዲት ቃል ስህተት የለበትም።

ሴትዮዋ ግን አልተቀመጡም። «እሱማ ይሁን። እዚያም ይሁን ሌላ አገር፣ የገባ አለ ወይ?»

ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብሎ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። እኔ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ነበር። እስክሪብቶዬ ቆመ። እሳቸው ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ «እሺ ልጆቼ፣ ተባረኩ» ብለው ተቀመጡ። ቀጥሎ ፎቶ ተነሳን።

«እሺ ልጆቼ፣ ተባረኩ»። ያቺን ቃል ነው መርሳት ያልቻልኩት። ቢቆጡ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ቁጣ መልስ አለው፤ ታስረዳለህ፣ ትከራከራለህ፣ ይበርዳል። እሳቸው አልተቆጡም። መልሱን እንደሚያውቁት ገባኝ። ታዲያ ለምን ጠየቁ? እኛ እንድንሰማው ይሆን? ወይስ ምናልባት አንድ ስም እንጠራለን ብለው ተስፋ አድርገው? እንጃ። ቀን ቀን አንዱ ይመስለኛል፣ ማታ ማታ ሌላኛው።

የሳቸው ትምህርት ቤት ብቻውን እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2። ያን ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል፤ 2016 ላይ 5.4፣ 2017 ላይ 8.4 በመቶ። ኩረጃው ቀርቶ እውነተኛው ውጤት ታየ የሚሉ አሉ፣ እኔም እስማማለሁ። እውነቱ መታየቱ ጥሩ ነው። ግን ከታየ በኋላስ? ኮራጁም ያልኮረጀውም ልጅ እዚያው ቤተ ሙከራ የሌለበት ትምህርት ቤት ነው ያለው።

ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ከ2014 ጀምሮ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ አይደል? ልጆቹ በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ዶርም ያድራሉ፣ እኛ ካፌ ይበላሉ፣ ስልክ የለም፣ እስኪጨርሱ ከግቢ መውጣት የለም። የገጠሩ ልጅ ብዙውን ጊዜ ግቢውን ከውስጥ የሚያየው ያኔ ነው። እኔ ካፌው በር ላይ ተመድቤ ነበር። አንዱ ልጅ ትሪውን እንደያዘ ቆሞ «እዚህ የሚማሩት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚበሉት?» አለኝ። ምግቡ ጣፍጦት ይሁን ሳይጥመው አላወቅኩም። «አዎ፣ ስትገባ ታየዋለህ» አልኩት። እንደዚያ ነው የሚባለው፣ ሌላ ምን ይባላል? ከመቶው ከዘጠና ስድስት በላይ የሚሆኑት ግማሽ አላመጡም። እሱ የትኛው ውስጥ እንደሆነ አላውቅም።

ቆይ፣ ስልኬ... እናቴ ናት። በኋላ እደውልላታለሁ።

እና ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ግቢው። ግቢው ያረፈበት መሬት ጤፍ የሚዘራበት ነበር። የካሳውን ነገር እስካሁን የሚያነሱ ሽማግሌዎች አሉ። የመሬቱ ባለቤት የነበረ ሰው ልጅ ዛሬ በሩ ላይ ጥበቃ ነው። መልካም ሰው ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም እንባባላለን። ውስጥ የሚማሩት ከሩቅ የመጡ ልጆች ናቸው። በእነሱ ደስ ይለኛል፤ ከየአቅጣጫው መጥተው አንድ ዶርም ውስጥ ሲኖሩ ማየት ከሥራዬ የምወደው ነገር ነው። ስለዚህ «የአካባቢው ልጅ ቅድሚያ ይሰጠው» ማለትም አልፈልግም። ያ ወዴት እንደሚወስድ አይተናል። ግን እንዲህ ካልኩ ለሴትዮዋ ምን ቀረኝ?

ይሄ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሕዝብ የማገልገል ሥራ አዲስ አይደለም እኮ። ጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1940ዎቹ ሲከፈት ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። በ1950ዎቹ ማብቂያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄዶ ማገልገል ነበረበት። አብዛኛው ያስተምር ነበር። ጅማ ደግሞ ትምህርቱን ራሱን ከሕዝቡ ጋር አያይዞ ነው የተነሳው። ተማሪው መንደር ገብቶ ችግሩን ያጠናል፣ ተመልሶ ይሠራበታል። እኔ የማደንቀው ያንን የክፍለ ሀገሩን ዓመት ነው። አስተማሪው ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ይኖራል። ውሃውን ይጠጣል፣ ተማሪው ለምን እንደቀረ በስሙ ያውቃል። እኛ አስረክበን በዚያው ቀን እንመለሳለን። ግን ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ በጣት የሚቆጠር ነበር፣ አሁን የመንግሥቱ ብቻ ከ40 በላይ ነው። ይህን ሁሉ ልጅ ዓመት ሙሉ ማን ይቀልበዋል? አላውቅም። ሐሳቡን ሳነሳ ሁሌም እዚህች ጋ እቆማለሁ።

የስቴም፣ ማለት የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ፣ ማዕከላችንንም አስቡት። በጣም የምኮራበት ነው፣ ሰልችቷችሁ ይሆናል። ቅዳሜ የሚመጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው። ሮቦት ሲያንቀሳቅሱ ማየት ያስደስታል። ግን እነማን ናቸው? የከተማ ልጆች ናቸው፣ ብዙዎቹም የመምህራን ልጆች። የዚያች እናት ልጅ ቅዳሜ ገበያ ነው ወይ ከብት ነው። ትራንስፖርት እንክፈል ብለን ነበር፤ በጀት የለም ተባለ።

ሪፖርታችን ላይ ደግሞ «የተጠቃሚ ብዛት» የሚል ዓምድ አለ። መጻሕፍቱ የደረሱት ተማሪ ሁሉ እዚያ ይቆጠራል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ያምራል። እኔ ግን አንድ ዓምድ ልጨምር ነው የምፈልገው። አብረናቸው ከምንሠራ ትምህርት ቤቶች ዘንድሮ ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ ሬሜዲያል (ማለፊያ ያላመጣ ልጅ የሚወስደው ማካካሻ ትምህርት) ገባ፣ ስንቷ ሴት ልጅ 12ኛ ሳትደርስ አቋረጠች። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ዜሮ ከተጻፈ ቢሮውን ይዘጉታል» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ቢሮው ከተዘጋ መጻሕፍቱም ይቀራሉ። መጻሕፍት ደግሞ ከምንም ይሻላሉ፣ ይሄንን ከልቤ ነው የምለው። ፊዚክሱን አንዲት ልጅ እንኳ ብታነበው...

እና ታውቃላችሁ፣ ወደ ትምህርት ክፍሌ እንድመለስ ተጠይቄያለሁ። ማስተማርና ምርምር። ለማዕረግ ዕድገት የሚያዋጣው እሱ ነው፤ የኛ ሥራ ነጥቡ ትንሽ ነው። ቤተሰቦቼም ተመለሺ ይላሉ። ከወር በፊት ብትጠይቁኝ እሄዳለሁ እል ነበር። አሁን ማመልከቻውን ከፍቼ እዘጋዋለሁ። በሳቸው ጥያቄ ምክንያት ብቻ አይደለም። ወይም ነው። ብቆይ ለጥያቄው መልስ አመጣለሁ ማለት አይደለም፣ ብሄድ ግን ማንም አይጠይቀኝም፣ እና ያ...

እንጃ። ዛሬ ይሄን አልጨርሰውም። ዩኒቨርሲቲ የምትሠሩ ካላችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ካለ ትምህርት ቤት ስንት ልጅ እንዳለፈ ቢሯችሁ የሚመዘግብ ከሆነ ጻፉልኝ። እንዴት እንዳደረጋችሁት፣ ማን እንደፈቀደላችሁ። ዓምዱን ለኮሚቴው ማክሰኞ ላቀርብ አስቤያለሁ። ካቀረብኩ እነግራችኋለሁ። እናቴ እንደገና እየደወለች ነው፣ ላንሳው።