የአቆስጣዎቹ መዝገብ

እንደምን አደራችሁ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ከታንኳ ወርዳችሁ በቀጥታ የመጣችሁ ዓሣ አጥማጅ አባቶችና ወንድሞች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

የተጠራሁት ስለ ጣና እንድናገር ነው። እናገራለሁም። መጀመሪያ ግን በጣም ሩቅ አገር፣ ወደ ደቡብ ዋልታ ይዣችሁ ልሂድ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንታርክቲካ ውስጥ ሮስ የሚባል ባሕር አለ። እዚያ ኤሬቡስ የሚባል፣ ዛሬም እሳቱ ያልጠፋ የእሳተ ገሞራ ተራራ ቆሟል። ከተራራው ሥር ባለው ወሽመጥ፣ በረዶው ላይ፣ የዌዴል አቆስጣዎች ይወልዳሉ። አቆስጣ የምለው ፈረንጆች «ሲል» ብለው የሚጠሩትን የባሕር እንስሳ ነው። ኦሪት ዘጸአትን ያነበባችሁ «የአቆስጣ ቁርበት» የሚለውን ታስታውሱ ይሆናል። ግልገሉን ያጠባል፤ እንደ እኛ አየር ይተነፍሳል። ምግቡ ያለው ግን ከበረዶው በታች ነው። ዓሣ ፍለጋ 600 ሜትር ድረስ ይጠልቃል። ትንፋሹን ይዞ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይበት ጊዜ አለ። የሚተነፍስበት ቀዳዳ በበረዶ እንዳይዘጋበት ጠርዙን በጥርሱ ይፍቃል። ዕድሜ ልኩን ይፍቃል። ሲያረጅ ጥርሱ ያልቃል፤ ያኔ ኑሮው ይከብደዋል።

ስሙ የመጣው ከጀምስ ዌዴል ነው። በ1820ዎቹ ወደ ደቡብ የዘለቀ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ነበር፤ ሥራውም አቆስጣ ማደን። ያን ጊዜ አቆስጣ የሚቆጠረው ከታረደ በኋላ ነበር። በቁርበት።

በሕይወት እያሉ መቁጠር በዚያ ወሽመጥ የተጀመረው በ1968 ነው። ዶናልድ ሲኒፍ የሚባሉ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት ጀመሩት። ከእሳቸው በኋላ ሮበርት ጋሮትና ጄይ ሮተላ የተባሉ የሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተረከቡት። መዝገቡ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቁጥር የተሰጣቸው አቆስጣዎች ከ20 ሺህ በላይ ናቸው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ወሩ ጥቅምት ነው። እኛ ዘንድ ጤፉ እያሸተ ነው፤ እዚያ ደግሞ ክረምቱ አልፎ አቆስጣዎቹ መውለድ ይጀምራሉ። ሁለት ሰዎች በበረዶ ላይ በምትሄድ ሞተር ይመጣሉ። አንዲት እናት ከግልገሏ ጋር ተኝታለች። ግልገሏ ገና ጥቂት ቀኗ ነው፤ 30 ኪሎ ገደማ ትሆናለች። እናቲቱ ከ400 ኪሎ ታልፋለች። አንደኛው ሰው ግልገሏን ቀስ አድርጎ ይይዛል። ሌላኛው በሁለቱ የኋላ መቅዘፊያ እግሮቿ ላይ ቁጥር ያላት ትንሽ ፕላስቲክ ይሰካል፤ ለከብት ጆሮ እንደሚደረገው ማለት ነው። ሁለት የሆነበት ምክንያት አንዷ ብትወድቅ ሌላዋ እንድትቀር ነው። ከዚያ የእናቲቱን ቁጥር ያነባሉ። እሷም ግልገል ሳለች የተሰካላት ቁጥር አላት። መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የእናት ቁጥር፣ የልጅ ቁጥር፣ ፆታ፣ ቀን፣ ቦታ። አለቀ። ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። በዓመቱ ይመለሳሉ። በዓመቱ ደግሞ ይመለሳሉ።

ይህንን መጀመሪያ ሳነብ ትዝ ያሉኝ አያቴ ናቸው። አያቴ ደጋ ዳሞት ነበሩ። መጻፍ አይችሉም። ግን በረታቸው ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን ላም የዘር ሐረግ ያውቃሉ። «ይቺ የዳለቻ ልጅ ናት። ዳለቻ የሻሽ ልጅ ነበረች። ሻሽ ሰባት ወልዳ አንዱ ብቻ ነው የጨነገፈባት። ይቺኛዋ ግን ዘንድሮ ሳትወልድ አረፈች» ይሉ ነበር። አንድ እንግዳ መጥቶ በረቱን ቢቆጥር «አሥራ አንድ ከብት» ብሎ ይሄዳል። አሥራ አንድ የሚለው ቁጥር ግን አያቴ ከሚያውቁት ውስጥ ትንሹ ነው።

የሕዝበ እንስሳት ጥናት የሚባለው ይኸው ነው። በጠቅላላው ስንት ናቸው የሚለው አይበቃም። ማን ወለደች? ማን ዓመቱን ሳትወልድ ዘለለች? ግልገል ሳሉ ከተመዘገቡት ስንቶቹ ለእናትነት በቁ? የዌዴል አቆስጣ እዚያ ወሽመጥ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በአማካይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሞላት ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚኖሩ አሉ። እንግዲህ አስቡት። የአራት ዓመት በጀት ይዞ የሄደ ተመራማሪ፣ ቁጥር የሰካላት ግልገል እናት ስትሆን ሳያይ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። በመጋቢት 2000 ከሮስ የበረዶ መደርደሪያ፣ ማለትም ከየብስ ወጥቶ ባሕሩ ላይ ከተንሳፈፈው ወፍራም በረዶ፣ አንድ ትልቅ ግግር ተገንጥሎ ወጣ። ቢ-15 ብለው ሰየሙት። ስፋቱ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ይህን በመስኮት የምታዩትን ሐይቅ ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ ብታነጥፉት እንኳን አይሸፍነውም። የግግሩ ስባሪዎች እዚያው አካባቢ ለዓመታት ተገትረው ቀሩ። በየበጋው ተሰባብሮ መውጣት የነበረበት የባሕሩ በረዶ መውጫ አጣ። ከዓመት ዓመት እየተደረበ ወፈረ። አቆስጣዎቹ የሚወጡባቸው ስንጥቆች ጠፉ። ወሽመጡ ውስጥ የሚወለዱ ግልገሎች ቁጥር በጣም ወረደ።

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄዶ የቆጠረ ሰው ቢኖር «እንስሳቱ እያለቁ ነው» ይል ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሄዶ ቢሆን ደግሞ «ድሮም ጥቂት ናቸው» ይል ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው። መዝገቡ ያላቸው ሰዎች ግን እያንዳንዷን በቁጥሯ ያውቋታል። የጠፉት እናቶች አብዛኞቹ አልሞቱም። ሳይወልዱ ዘለሉት፣ ወደ ወሽመጡም ሳይመጡ ቀሩ። ግግሩ ሲነሣ ተመለሱ። ቁጥራቸው መቅዘፊያቸው ላይ እንደተሰካ መጥተው ወለዱ። የሞተውን ካልመጣው የለየው ከግግሩ በፊት የነበረው የሠላሳ ዓመት መዝገብ ነው።

መዝገብ ለውሳኔም ይጠቅማል። በዚያው በሮስ ባሕር አቆስጣ የሚበላውን ትልቁን ዓሣ የንግድ መርከቦችም ያጠምዱታል። 24 አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ተስማምተው፣ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ 1.55 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ውሃ ጥብቅ ሆነ። ከኢትዮጵያ ይሰፋል። አብዛኛው ክፍል ለንግድ ዓሣ ማጥመድ ዝግ ነው። ውሳኔው ከአቆስጣ ጥናት ብቻ የመጣ አይደለም። ግን ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃ የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ምን ይዞ ይከራከራል?

አሁን ወደ ጣና ልመለስ።

ወጣት ሳለሁ ተቀጥሬ በነበርኩበት ቦታ፣ ጠዋት ጠዋት ጀልባ ሲገባ የዓሣ ርዝመት እለካ ነበር። ስድስት ዓመት ለካሁ። ነጭ ዓሣ፣ አምባዛ፣ ቆሮሶ። ዘጠኝ ደብተር ሞላ። ከዚያ ለትምህርት ሄድኩ። ስመለስ ቢሮው ሌላ ሕንጻ ገብቷል። ደብተሮቹን ጠየቅሁ። የሚያውቅ የለም። በኋላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነገሩኝ፤ አሮጌ ወረቀት ተብሎ በኪሎ ተሽጧል። ገበያ ሄጄ የቆሎ መጠቅለያዎቹን ሳገላብጥ ዋልኩ። አንድም ገጽ አላገኘሁም። ዛሬም ሲነሣ ሆዴ ይባባል።

ጣና ውስጥ ያለው የነጭ ዓሣ ወገን በዓለም ሌላ ቦታ የለም። ከአሥራ አምስት የማያንሱ ዝርያዎች እዚሁ ብቻ ነው የሚገኙት። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የለኩ ተመራማሪዎችና ከአሥር ዓመት በኋላ ደግመው የለኩት ውጤታቸውን ሲያስተያዩ ቁጥሩ እጅግ ቀንሶ አገኙት። ሁለቱ ልኬቶች በመኖራቸው ይህን አወቅን። በመካከል ባሉት ዓመታት በየጠዋቱ የተጻፈ ቢኖር ደግሞ መቼ እንደጀመረና የትኛው ወንዝ ላይ እንደባሰ እናውቅ ነበር።

አባቶቼ፣ እናንተ በዓይናችሁ ታውቁታላችሁ። «ዓሣው አንሷል፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም» ስትሉኝ አምናችኋለሁ። ስብሰባ ላይ ግን «ድሮ» ስንት ነበር ተብላችሁ ስትጠየቁ ዝም ትላላችሁ። ይህ ያንገበግበኛል። ልጆቻችሁ እንዲህ ሲጠየቁ የሚያሳዩት ገጽ እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ባዶ እጄን አልመጣሁም። ይህ ሰማያዊ መዝገብ ነው። ሌላ ሁለተኛ አለ፤ የተጻፈውን በየሳምንቱ እየገለበጣችሁ የምታስቀምጡበት። አንዱ ትምህርት ቤት ይቀመጣል፣ ሌላው ማኅበሩ ዘንድ። ሁለት ቦታ መሆኑ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። የሚያስፈልገው ሁለት ተማሪ፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ሚዛን ነው። ከእያንዳንዱ ጀልባ አሥር ዓሣ ትለካላችሁ፤ ዓይነቱን፣ ርዝመቱን፣ ክብደቱን፣ የተያዘበትን ቦታ ትጽፋላችሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አሳዩት።

ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀልባዎቹ ሲገቡ ወደቡ ላይ እጠብቃችኋለሁ። እርሳስ ይዛችሁ ኑ። እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይለቃል።