ጠያቂው ዋርድ ውስጥ ዘፍ ሲል ነርሷ ምን ታድርግ?

እሺ ሰላም ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ስለ በሽተኛ አይደለም የምናወራው፣ ስለ ጠያቂ ነው። ፌስታልና ፔርሙዝ ይዞ ሶስተኛ ፎቅ በደረጃ ወጥቶ (ሊፍቱ ያው እንደምታውቁት ነው) አልጋው ጋ ደርሶ "እግዜር ይማርህ" ሊል ሲል እሱ ራሱ ዘፍ ስላለው ሰውዬ። ካርድ የለው፣ ቻርት የለው፣ ስኳር ይኑርበት ግፊት ይኑርበት የሚያውቅ የለ።

ለእኔ ነገሩ ቁርጥ ለቅሶ ቤት ነው። አስቡት እስቲ፣ ድንኳን ውስጥ ሊያስተዛዝን የመጣ ሰው ድንገት ወደቀ። አንዱ ውሃ ውሃ ይላል፣ አንዷ በነጠላዋ ታራግባለች፣ አንዱ ደግሞ "ኧረ ንፋስ ይግባለት" እያለ እሱው ራሱ ንፋሱን ከልሎ ይቆማል። ማነው ሲባል "የሟች የመስሪያ ቤት ሰው መሰለኝ" ነው ቢበዛ። እዚያ ማዶ ሀዘንተኛዋ ብቻዋን ቀርታለች፣ እሷ ብትወድቅ የሚያያት የለም። ደህና የእድር ዳኛ ካለ ግን ሁለት ጎረምሳ ጠርቶ ሌላውን ያስወጣል፣ አንዷን እናት ደግሞ "እርስዎ ከሀዘንተኛዋ አይነሱ" ይላል። ነርሷ ማለት ያ የእድር ዳኛ ናት። ሀዘንተኛዋ ደግሞ አልጋ 7 ላይ ደም እየተሰጣት ያለችው በሽተኛዋ ናት። ስለዚህ ነርሷ መጀመሪያ ጮክ ብላ ጓደኛዋን ትጠራለች፣ "አልጋ 7ን እያት!" ትላለች፣ ከዚያ ትንበረከካለች። ይሄን ምሳሌ በጣም ነው የምወደው፣ ሰብስክራይብ ያላደረገ ለቅሶ እንደቀረብኝ ነው የምቆጥረው።

ዋናውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ ቢኤልኤስ (መሠረታዊ የሕይወት አድን ሥልጠናውን) ነርሶች ሁላችሁም ወስዳችኋል። ትከሻውን መታ መታ፣ መልስ ከሌለ ሰው መጥራት፣ ትንፋሽና የአንገት ምት ባንዴ፣ ከ10 ሰከንድ ሳይበልጥ። ከሌለ 30 ጊዜ ደረት መጫን፣ 2 ትንፋሽ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር፣ ዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልሰው ማሽን) ካለ ይምጣ። እያጣጣረ አልፎ አልፎ አየር መሳብ መተንፈስ አይደለም! ከተነፈሰና ምት ካለው በጎኑ፣ ከዚያ የጣት ስኳር። ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ሆኖ ከነቃ ሶስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ካልነቃ በአፉ ምንም፣ ሐኪም ጠርቶ በደም ሥር 40 ፐርሰንት ግሉኮስ። ግሉኮሱ ከኢመርጀንሲ ትሮሊው ነው ታዲያ፣ የአልጋ 4 ቤተሰብ ከውጪ ገዝቶ ኮመዲኖ ላይ ያስቀመጠውን እንዳትነኩ።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። ያለፈው ቪዲዮ ስር "ሲንቀጠቀጥ ክብሪት አሽቱት" ያላችሁ ስንት ናችሁ! ኧረ ተዉ። አብዛኛው መንቀጥቀጥ በሁለት ሶስት ደቂቃ በራሱ ያቆማል፣ ክብሪት እስኪፈለግ፣ እስኪጫር፣ ሰው እስኪንጫጫ ሁለት ደቂቃ ይሞላል፣ ከዚያ ምስጋናው ለክብሪቱ። ዋርድ ውስጥ ደግሞ አጠገባችሁ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል እኮ፣ እዚያ እሳት መጫር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? ማንኪያም ጥርሱ መሃል አይገባም፣ እጅና እግሩም ተይዞ አይታሰርም። ራሱ ስር ጋቢ ነገር፣ ወንበሩን ገለል፣ ስልክ አውጥቶ ሰዓት መያዝ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ በሐኪም ትዕዛዝ ዲያዜፓም (መንቀጥቀጥ ማስቆሚያ መድኃኒት)። አረፋውም አይጋባም፣ እሱንም ብላችኋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ልብ ሲቆምም ሰውነት ለትንሽ ሰኮንዶች ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ ስለዚህ ሲያቆም "አለፈለት" ብላችሁ አትሂዱ፣ ትንፋሹን እዩ።

"ሂድና ካርድ አውጣ" የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ካርዱ ይደርሳል! በስትሬቸር፣ ነርስ አብራው ሆና፣ ወደ ድንገተኛ። አሜሪካ የምትሰሩ እህቶቻችንማ ያውቁታል፣ ከ1986 ጀምሮ ያለው ኤምታላ የሚባለው ሕግ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ሕንፃ እስከ 250 ያርድ ድረስ፣ ድንገተኛ ችግር የገጠመውን ሰው መመርመርና ማረጋጋት ግዴታ ያደርጋል፣ ጠያቂም ቢሆን።

የተደረገው በሙሉ ይጻፋል፣ ግን በበሽተኛው ቻርት ላይ አይደለም፣ በራሱ በሰውየው ስም። ደግሞ የኛ ሰው ልክ እንደነቃ "ደህና ነኝ፣ ልሂድ" ነው። ስልሳ ዓመት የሞላቸው አባት ደረታቸውን ይዘው "ጨጓራዬ ነው ልጄ" ካሉ "አባባ፣ ኢሲጂ ሳይነሱማ አይሄዱም" በሏቸው፣ የልብ ምርመራውን ማለቴ ነው። እምቢ ካሉ ሐኪሙ አደጋውን ያስረዳቸው፣ ያስፈርማቸው፣ ማን ቤት እንደሚያደርሳቸው ጠይቁ። እናንተ ጋ ለጠያቂ የሚሞላ ፎርም አለ ወይስ ባዶ ወረቀት ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።